ለማን ነው የሚዘፍነው?



ሰው ወደ ትልቅ የሙዚቃ ምሽት ሲጠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ልብሱ፣ ስለ መቀመጫው ቁጥርና በሌሊት ወደ ቤቱ ስለሚመለስበት መንገድ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚሰማው ዘፈን ማን ለማን የተናገረው ቃል እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ከማይጠይቁት ወገን ነበርን። ከዚህ ስሕተት ያወጡን እንግሊዝኛ የማያውቁ አክስታችንና አማርኛ ገና በመማር ላይ ያለች የልጅ ልጃቸው ናቸው። ታሪኩ ቋንቋችንን በማጥናት ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን ስለምናምን ዛሬ በዚህ ዓምድ እንተርከዋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ ሎንዶን ሄደን ሳለ፣ በዚያ ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩትን አክስታችንን ልንጠይቅ ወደ ቤታቸው ጎራ አልን። ልጃቸው ለቅዳሜ ምሽት በሮያል አልበርት አዳራሽ ለተዘጋጀ የቴአትር ዘፈኖች ዝግጅት ሦስት ቲኬት ገዝታ ኖሮ፣ እርሷ የሌሊት ተረኛ ሆና ስለ ቀረች ቦታዋን ለእኛ ሰጠችን። ስለዚህ አክስታችንን በመካከል አድርገን፣ እኛ በቀኛቸው፣ የዐሥራ አምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው በግራቸው ሆነን ሄድን።

ሙዚቃዊ ቴአትር የሚባለው፣ ተዋናዮቹ አንድ ታሪክ በንግግር እየተጫወቱ ቆይተው፣ ነገሩ ከንግግር በላይ በሆነባቸው ጊዜ ወደ ዘፈን የሚሻገሩበት የጨዋታ ዓይነት ነው። ለእኛም አገር ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1935 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትርንና ዘፈንን በአንድ መድረክ እያቀረበ ብዙ ትውልድ አስደስቷል፤ አክስታችንም በወጣትነታቸው ከሀገር ፍቅር ተመልካቾች አንዷ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።) ይሁን እንጂ ያን ምሽት የቀረበው ቴአትሩ ሳይሆን ዘፈኑ ብቻ ነበር። የቤትና የመንገድ ሥዕል በመድረኩ ላይ የለም፤ ታሪኩም የለም። ኦርኬስትራው ከመድረኩ ላይ ተቀምጧል፤ ዘማሪው የክብር ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ ከአንድ ረዥም ታሪክ መካከል የተነቀለ አንድ ዘፈን ዘፍኖ፣ እጅ ነሥቶ ይገባል። ወዲያው ሌላ ሰው ከሌላ ታሪክ ይመጣል።

አዳራሹ በ1871 የተከፈተ፣ ሞላላ፣ በቀይ ሸክላ የተሠራ፣ ጣሪያው የብረትና የመስተዋት ጉልላት የሆነ፣ ከ5,000 በላይ ሰው የሚይዝ ሕንፃ ነው። ስሙን ያገኘው በ1861 ከሞተው ከንግሥት ቪክቶሪያ ባል ከልዑል አልበርት ነው። ጉልላቱ ድምፅን እየመለሰ ያስቸግር ስለ ነበር፣ «የእንግሊዝ የሙዚቃ ደራሲ ድርሰቱን ሁለት ጊዜ የሚሰማበት ስፍራ ይህ ብቻ ነው» እየተባለ ይቀለድበት ነበር። በ1969 እንደ እንጉዳይ ያሉ ሰፋፊ ክብ ነገሮች ከጣሪያው ላይ ስለ ተሰቀሉ ማሚቶው ቀነሰ። አክስታችን ወደ ላይ አንጋጠው አዩና «ታቦት የለ፤ ይህ ሁሉ ጃንጥላ ምንድን ነው?» አሉን።

የመክፈቻው ሙዚቃ አልቆ የመጀመሪያው ዘፋኝ ወጣ። ድምፁ እንደ ጥልቅ ጉድጓድ የወፈረ ሰው ነበር። ዘፈኑ በ1927 በኒው ዮርክ ከቀረበው «ሾው ቦት» ከተባለው ቴአትር የተወሰደ ሲሆን፣ ዜማው የጀሮም ከርን፣ ግጥሙ የኦስካር ሐመርስታይን ነው። ፖል ሮብሰን የተባለው ስመ ጥር ጥቁር አሜሪካዊ ከዘፈነው ወዲህ በዓለም ሁሉ ታውቋል። ጭብጨባው ሲነሣ አክስታችን ወደ እኛ ዘንበል ብለው ሦስት ነገር ጠየቁን። «ማን ነው? ለማን ነው የሚዘፍነው? ምን ደርሶበት ነው?» ይህን እንኳ እናውቅ ነበርና፣ «በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ጭነት የሚሸከም ጥቁር ሠራተኛ ነው። የሰው ልጅ ሲደክም ወንዙ ዝም ብሎ ይፈስሳል እያለ ነው። ለማንም አይናገርም» አልናቸው። «እንጉርጉሮ ነዋ!» አሉ። እኛ በብዙ ቃል የተናገርነውን እርሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት። እንጉርጉሮ ማለት ሰው የልቡን ብሶት ለራሱ የሚያዜምበት ነውና።

ከዚህ በኋላ ግን እውቀታችን አለቀ። ቀጥሎ የቀረበው በ1945 ከተደረሰው «ካሩሰል» ከተባለው ቴአትር የተወሰደ፣ ግጥሙ የዚያው የሐመርስታይን፣ ዜማው የሪቻርድ ሮጀርስ የሆነ የማጽናኛ ዘፈን ነበር። ይህን ዘፈን የማያውቅ የእግር ኳስ ወዳጅ የለም። ጌሪ ኤንድ ዘ ፔስሜከርስ የተባሉት የሊቨርፑል ዘፋኞች በ1963 በሸክላ ካወጡት ወዲህ የሊቨርፑል ክለብ ደጋፊዎች መዝሙር ሆኗል፤ በአገራችንም ጨዋታውን በቴሌቪዥን የሚከታተለው ሁሉ ሰምቶታል። ስለዚህ አክስታችን «ለማን ነው?» ባሉን ጊዜ ሳናመነታ «ለኳስ ተጫዋች ነው፤ አይዞህ ይለዋል» ብለን ተረጎምን።

በዚህ ጊዜ ልጅቱ ከወዲያ በኩል ብድግ ልትል ጥቂት ቀራት። «አይደለም! አንቺ፣ እማማ፣ ስሚ! ለሴት ነው። ባሏ ሞተች። አሁን ሞተች፣ እዚያ ነው። ሆዷ ውስጥ ልጅ አለ» አለች።

ልጅቱ ያለችው ፍጹም እውነት ነበር። ቢሊ የተባለው ሰው ለሚወለድለት ልጅ ገንዘብ ሲፈልግ ወደ ዝርፊያ ገብቶ በገዛ ቢላዋው ላይ ወድቆ ይሞታል፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱ ጁሊ በሬሳው አጠገብ ሳለች አንዲት ታላቅ ዘመዷ ያን ዘፈን ትዘፍንላታለች። ስለዚህ ትርጉሙ «አይዞህ» ሳይሆን «አይዞሽ» ነው። በቴአትሩ ፍጻሜም ያች ያልተወለደችው ልጅ አድጋ ትምህርቷን በምትጨርስበት ዕለት ያው ዘፈን ለተማሪዎቹ ሁሉ ይዘፈናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «አይዟችሁ» ይሆናል። በእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አትለወጥም። በአማርኛ ግን ኀዘንተኛዋን፣ ተማሪዎቹንና የኳስ ሜዳውን ሕዝብ በአንድ ቃል መጥራት አይቻልም።

በእረፍቱ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ሻይና ለስላሳ መጠጥ ፍለጋ ሲወጣ፣ እኛ በተዋረድንበት ነገር ውስጣችን ቆስሎ ኖሮ ልጅቱን ማረም ጀመርን። «ባሏ ሞተች አይባልም፤ ባሏ ሞተ ነው የሚባለው። ደግሞም አያትን «አንቺ» ማለት ነውር ነው፤ «እርስዎ» በዪ» አልናት። ልጅቱ ፊቷ ቀላ፤ አቀርቅራም የፕሮግራሙን ወረቀት ማንበብ ጀመረች። እኛም አንድ የሰዋስው ግዴታ እንደ ፈጸምን ቈጥረን ወደ መቀመጫችን ተመለስን።

በሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ አንድ ሸምገል ያለ ሰው ወጥቶ፣ ከሹክሹክታ በማይበልጥ ከፍ ባለ ቀጭን ድምፅ ዘፈነ። ያ ሁሉ ሺህ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። አክስታችን ጭብጨባው እስኪነሣ ጠብቀው እንደ ልማዳቸው ጠየቁን። ቃሉን ሰምተነዋል፤ አንድ ወጣት ወደ ቤቱ እንዲመለስ የሚለምን ነው። ለማን እንደ ሆነ ግን አላወቅንም። ስለዚህ «ለጦር አለቃ ይመስለናል፤ ልጁን ያሰናብቱልኝ ይላቸዋል» አልን። አክስታችን ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ልጅቱ ዞረው «የኔ ልጅ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉ። ልጅቱ ዝም አለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአያቷ በኩል አልፋ ለእኛ በእንግሊዝኛ መለሰችልን። ለጦር አለቃ አይደለም፤ ጸሎት ነው አለችን።

ዘፈኑ ከ«ሌ ሚዜራብል» የተወሰደ ነው። ይህ ቪክቶር ሁጎ በ1862 ያሳተመው መጽሐፍ ነው፤ በቋንቋችንም ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «መከረኞች» ብለው ተርጉመውታል። አሊን ቡብሊልና ክሎድ ሚሼል ሾንበርግ በ1980 በፓሪስ ሙዚቃዊ ቴአትር አደረጉት፤ በ1985 በሎንዶን ሲቀርብ የእንግሊዝኛውን ግጥም የጻፈው በደቡብ አፍሪካ የተወለደው ጋዜጠኛ ኸርበርት ክሬትስመር ነበር። ይህ ጸሎት በመጀመሪያው የፓሪስ ድርሰት ውስጥ አልነበረም፤ ለሎንዶኑ ዝግጅት የተጨመረ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ታስሮ የነበረው ዣን ቫልዣን፣ በመንገድ ላይ ምሽግ ውስጥ፣ በሌሊት፣ ያሳደጋት ልጅ የምትወደው ወጣት ተኝቶ ሳለ፣ በእርሱ ፈንታ የራሱን ሕይወት እያቀረበ እግዚአብሔርን ይለምናል።

ይህን ሁሉ በአጭሩ ለአክስታችን ተረጎምን። አሳዛኝ ነው አላሉም፤ ግሩም ነውም አላሉም። ያሉት ይህን ነው፦ «ለእግዚአብሔር ከሆነ ‹አንተ› ነው እንጂ ‹እርስዎ› ከየት መጣ? እግዚአብሔርን አንተ የምንለው ንቀነው ነው? እመቤታችንን አንቺ የምንላት ንቀናት ነው? ይህችን ልጅ ዝም አሰኘሃት እኮ! ስትሳሳት ታወራኝ ነበር፤ ስታርማት ተወችኝ።» በዚህ ዓምድ ራሳችንን «እኛ» እያልን ብንጽፍም፣ አክስታችን የሚያውቁን «አንተ» ብለው እንደ ሆነ አንባቢ ይረዳልናል። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። እርሳቸው ግን ወደ ልጅቱ ዞረው ጉልበቷን መታ አደረጉና «አይዞሽ» አሏት።

ልጅቱ ወዲያው አልተናገረችም። ቀጥሎ የቀረቡት ሁለት ዘፈኖች በዝምታ አለፉ። በሦስተኛው ጊዜ አንዲት ጠና ያለች ሴት ወጥታ፣ በአጫጭር ቃላት፣ እየቆመች እየቀጠለች፣ የምትናገር እንጂ የምትዘፍን በማትመስል አኳኋን ዘፈነች። ይህ በ1973 ስቲቨን ሶንድሃይም ዜማውንም ግጥሙንም የደረሰው፣ ስለ አጫዋቾች የሚናገረው ዝነኛ ዘፈን ነው። አክስታችን «ትንፋሿ እየተቆረጠ ነው» አሉ። አልተሳሳቱም። በመጀመሪያ የዘፈነችው ግሊኒስ ጆንስ ድምፅዋ ውብ ሆኖ ሳለ ረዥም ዜማ ይዛ ለመቆየት ስለማይችል፣ ደራሲው በኋላ እንደ ተናገረው፣ ሐረጎቹን ሆን ብሎ አሳጥሮ ነበር የጻፈላት። ጉድለቷ የዘፈኑ ውበት ሆነ።

ጭብጨባው ሲነሣ ልጅቱ ወደ አያቷ ጆሮ ቀረበች። «እማማ፣ ተዋናይ ናት። ድሮ ይወዳት ነበር። አሁን ትንሽ ልጅ አገባ። እሷ ና አለችው፤ እሱ እንቢ አለ። አጫዋች ጥሩ ማለት፣ ቴአትር ሲበላሽ እንደዚያ ይላሉ። በራሷ ትስቃለች» አለች። ከዚያም ጥቂት አሰብ አድርጋ «እማማ፣ አሁን ‹አንተ› ትለዋለች ወይስ ‹እርስዎ›?» ብላ ጠየቀች።

እኛ አፋችንን ከፍተን ነበር፤ መልሰን ዘጋነው። አክስታችን ጉዳዩን እንደ ሽማግሌ ዳኛ መረመሩት። «ሲዋደዱ አንተ ትለው ነበር። እንቢ ካላት በኋላ ግን እርስዎ ትለዋለች። የተቀየመች ሴት ባሏን እርስዎ ስትለው ሰው ያከበረችው ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ያውቀዋል» አሉ። ልጅቱ ሳቀች። ከፊት ያሉት ሰዎች ዞር ብለው አዩን፤ ከዚህ በኋላ ሦስታችንም ዝም አልን።

እንግሊዝኛም በጥንት ዘመን ለአንድ ቅርብ ሰው የሚነገር «ዛው» የሚባል ቃል ነበረው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው በድሮ ጸሎትና በድሮ ግጥም ነው፤ እነርሱም እግዚአብሔርን የሚጠሩት በዚሁ የቅርበት ቃል ነበር። አሁን ግን ለንጉሡም ለሕፃኑም፣ ለአንዱም ለብዙውም «ዩ» ይላሉ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ዘፈን የሚሰማ ሰው ለማን እንደ ተዘፈነ ሳያውቅ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል። በአማርኛ የሚያስብ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ና፣ ነይ፣ ኑ፣ ይምጡ ከማለቱ በፊት ማንን እንደሚጠራ፣ ስንት እንደ ሆኑ፣ ምን ያህል እንደሚቀርባቸው መወሰን አለበት። አክስታችን ሦስቱን ጥያቄዎች የጠየቁት ለነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ቋንቋቸው ያለዚያ ወደ ታሪኩ ስለማያስገባቸው ነው።

የምሽቱ መዝጊያ ከዚያው ከ«ሌ ሚዜራብል» የተወሰደው የሰልፍ ዘፈን ሆነ። ይህ ዘፈን በዚያው አዳራሽ አንድ ታላቅ ታሪክ አለው። የሎንዶኑ ዝግጅት ዐሥረኛ ዓመት በጥቅምት 8 ቀን 1995 ሲከበር፣ ዘፋኞቹ ልብሰ ተውኔታቸውን ለብሰው በድምፅ ማጉያ ፊት ቆመው፣ ኦርኬስትራና ብዙ መዘምራን ከኋላቸው ሆነው ቴአትሩን በዘፈን ብቻ አቀረቡት። በመጨረሻ በልዩ ልዩ አገሮች ዣን ቫልዣንን የተጫወቱ 17 ሰዎች እየተከታተሉ ወጡ። ፈረንሳዩ በፈረንሳይኛ፣ ጃፓኑ በጃፓንኛ፣ የሀንጋሪው፣ የፖላንዱ፣ የኖርዌዩና የአይስላንዱም እንዲሁ፣ እያንዳንዱ የዚህን ዘፈን አንዳንድ ሐረግ በገዛ ቋንቋው ዘፈነ። አንዱ ዘፈን በእያንዳንዱ ቋንቋ ሲያልፍ፣ እያንዳንዱ ተርጓሚ «ለማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ እንደ ነበረበት እናስባለን።

እኛ በነበርንበት ምሽት አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። ወደ አክስታችን ዘንበል ብለን ለመተርጐም ስንጀምር በእጃቸው ከለከሉን። «ይኸኛውስ እናንተ ነው የሚለው፤ እኔም አለሁበት» አሉ።

ከአዳራሹ እስከ ሳውዝ ኬንሲንግተን ባቡር ጣቢያ በእግራችን ሄድን። ነፋሱ ይበርድ ስለ ነበር አክስታችን ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ ደረቡ። ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛ የ«ካሩሰል»ን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራቸው ነበር። «ባሏ ሞተ» የሚለውን በትክክል አለችው፤ ወዲያው ደግሞ «ልጇ ተወለደ፣ ሴት ነው» አለች። እኛ ከኋላ እየተከተልን ዝም አልን። በጣቢያው ደጃፍ ልጅቱ ቆም አለችና፣ በእረፍቱ ጊዜ የነገርናት ትዝ ብሏት ይሁን፣ «እማማ፣ እርስዎ ደከመዎት?» ብላ ጠየቀች። አክስታችን ድንገት ቆሙ። «ምን አስቀየምኩሽ?» አሏት። ከዚያም ሁለቱም ሳቁ፤ የመንገዱ ሰው እስኪያያቸው ድረስ ሳቁ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ምክር እናወጣለን። የመጀመሪያው፣ የቴአትር ዘፈኖች ወደሚቀርቡበት ምሽት የምትሄዱ ሁሉ የፕሮግራሙን ወረቀት አስቀድማችሁ አንብቡ፤ በእያንዳንዱም ዘፈን ፊት ማን ነው፣ ለማን ነው፣ ምን ደርሶበት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ የተነቀለው ዘፈን ወደ ታሪኩ ይመለስላችኋል።

ሁለተኛው አማርኛን በመማር ላይ ላላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ነው። በጠረጴዛችሁ ፊት የሚቆመውን የማታውቁትን ሰው «እርስዎ» በሉት፤ ይህ ከስሕተት ይጠብቃችኋል። በአንዳንድ አገር «አንቱ» ሲሉም ትሰማላችሁ፤ አክብሮቱ ያው ነው። ነገር ግን አንድ ባልቴት «ልጄ» ብለው ቀርበው የቅርብ ቃል ሲሹ፣ «እርስዎ» ማለት እንደ ግንብ ሊቆምባቸው እንደሚችል አስቡ። ይህ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ የሚገኘው እየተናገሩና እየተሳሳቱ ነው። «ባሏ ሞተች» ያለችው ልጅ ከእኛ ይልቅ ታሪኩን ለአያቷ አድርሳለች። እኛ በትክክለኛ አማርኛ የኳስ ተጫዋች ስናጽናና፣ እርሷ በተሰበረ አማርኛ ኀዘንተኛዋን አጽናናች።

እንግዲህ ስትሳሳቱ የሚስቅባችሁ፣ ወይም እንደ እኛ ያለ አራሚ የሚቆጣችሁ ሰው ቢያጋጥማችሁ ዝም አትበሉ። ለአንዱ አንባቢያችን «አይዞዎት»፣ ለሁላችሁም «አይዟችሁ» እንላለን።